ለተብርሃንን ያሳቃት ውሃ

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ደስታ ተራ ነበረው። ቁጭ በይ እስቲ፣ ያንን ስልክሽንም እዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ ይቅዳ ግድ የለም። ቅድም «እማዬ፣ ሰው በየትኛው ዕድሜው ነው ደስተኛ የሚሆነው? በየትኛውስ አገር?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ሳቄ መጣ እኮ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይኼንን ነው እንዴ የሚማሩት ብዬ። ተራ ነበረው ነው የምልሽ። ልጅ ስትሆኚ ለዘመን መለወጫ አዲስ ቀሚስ ይገዛልሻል፣ ትዘያለሽ፣ ያ ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካብሽም። ስታገቢ ግን ታለቅሻለሽ። እኔ ከዚህ ከገርጂ፣ ያን ጊዜ ገርጂ ማሳ ነው፣ ጤፍና ሽምብራ ነው፣ ከአባቴ ቤት ስወጣ ስቄ ቢሆን ኖሮ «ይቺ ልጅ ምን አስቸኮላት» ይሉኝ ነበር። እና አለቀስኩ። ውስጤ ግን ደስ ብሎታል፣ ባሌን እወደው ነበራ! ከዚያ ትወልጃለሽ፣ ከወለድሽ በኋላ ደስታ ያንቺ መሆኑ ይቀራል። «ልጄ ተመርቆልኝ ደስ አለኝ፣ ልጄ ተዳረችልኝ ደስ አለኝ፣ የልጅ ልጅ አየሁ ደስ አለኝ።» አየሽ? ሁልጊዜ በሌላ ሰው በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ስታረጂ ደግሞ እሱም ያልቅና «ተመስገን» ብቻ ይቀራል። እንዴት ነሽ? ተመስገን። ጉልበትሽስ? ተመስገን። ቤቱ ፈረሰ አሉ? እሱም ተመስገን። እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ «እንዲያው ዝም ብሎ ደስ ብሎኛል» ያለች አሮጊት አንድ ብቻ ነው የማውቀው፣ እሷንም ነካ አድርጓታል ብለን ልናስመጣት ነበር።

ለተብርሃን ናት። ታውቂያታለሽ እኮ ሊዲያ፣ ያቺ ሰሚት የነበረችው፣ ጥቁር የምትለብሰው ሴትዮ፣ አዎ እሷ። የትግራይ ሰው ናት፣ ባሏ አቶ ተክሌ ነፍሱን ይማረውና ኦሎምፒያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው፣ ቀለም፣ ሚስማር፣ ቧንቧ ይሸጣሉ፣ እሱ ዕቃ ፍለጋ ይዞራል፣ እሷ ባንኮኒው ላይ ትቆማለች። እኔና እሷን ያገናኘን የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው፣ በየወሩ በየተራ በየቤታችን ነው የምንጠጣው። ታዲያ ተክሌ ሲሞት ጥቁር ለበሰች፣ ዓመቱ ወጣ፣ አላወለቀችም፣ ሌላው ዓመት ወጣ፣ አላወለቀችም። «ለተ፣ ይበቃል እኮ» ስላት፣ «ምን ልልበስ ታዲያ ዲንቄ፣ ለማን ብዬ?» ትለኛለች፣ እንዲያ ቀዝቀዝ ብላ። ሱቁ ተሸጠ፣ ልጇ ክብሮም ሰሚት ቤቱ ወሰዳት። ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ፈገግ ብትልም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው። ግን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ትይዘኛለች፣ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ታዳምጣለች። እንደሷ የሚያዳምጠኝ ሰው አላገኘሁም፣ አንቺም ብትሆኚ ስልኩ ነው የሚያዳምጥልሽ።

እና ሴት ልጇ ሰላም ፊንላንድ ወለደች። ለተ ልታርሳት ሄደች። ሻንጣውን አብረን ነው ያሰናዳነው፣ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው፣ የገንፎው ዱቄት፣ ልብስማ ያው ጥቁሩ ነው፣ እሱን ማጣጠፍ ምን ጊዜ ይወስዳል። ልጁ ትንሽ እስኪጠና ነበር የሄደችው። አንድ ወቅት አለፈ፣ ሌላው መጣ፣ እሷ የለችም።

አየሽ፣ ከውጭ ስልክ ሲደወል ሥርዓት አለው። እዚያ ያለው «ብርዱ ገደለን፣ ሥራው ገደለን» ይላል፣ እዚህ ያለው «ኑሮው ገደለን፣ መንገዱ ተቆፍሮ ገደለን» ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም «ምን ይደረጋል» ተባብለው ይዘጋሉ። ማንም ማንንም አያስቀናም። ታዲያ አንድ ቀን ለተ ደወለች፣ እኔም እንደ ሥርዓቱ «እንዴት ነሽ ለተ፣ ብርዱስ?» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል ዲንቄ» አለችኝ።

«እሰይ! ምን ተገኘ? ልጁ ክርስትና ተነሳ?»

«ኧረ ገና ነው።»

«ሰላም ሥራ አገኘች?»

«አላገኘችም።»

«ክብሮም ሊያገባ ነው? ለኔ ሳይነግረኝ?»

«ወይ አንቺ ሴትዮ! ማንም ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ደስ ያለኝ፣ እኔ ራሴ።»

ምን ይመለሳል ለዚህ? እንኳን ደስ ያለሽ እንዳልላት ምን ላይ ልበላት! ኔትወርኩ ነው ብዬ ስልኩን ነቅነቅ አደረግሁት።

ከዚያ ቪዲዮ ላከችልኝ። የማኅበሩ ቀን ነበር፣ አስካለ ቤት፣ ከኢምፔሪያል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አስካለ ሰብሳቢያችን ናት፣ እሷ ጉሮሮዋን ካልጠረገች ጸሎቱም አይጀመርም። እኔ ደግሞ ቪዲዮውን የሕፃኑ ነው ብዬ «ኑ ኑ፣ የለተን የልጅ ልጅ እንይ» ብዬ ሁሉንም ሰበሰብኳቸው፣ ከፍቼ ሳላየው! መነጽራቸውን አደረጉ፣ ተደራረቡብኝ፣ ተከፈተ። ነጭ ሜዳ ነው፣ ሐይቁ እንዳለ በረዶ ሆኖ ነው። መሐሉን በስተውታል፣ ጥቁር ውሃ ይታያል፣ የእንጨት መሰላል ገብቶበታል። አንዲት አሮጊት የሱፍ ኮፍያ አድርጋ፣ ሰማያዊ የዋና ልብስ ለብሳ፣ በመሰላሉ ቁልቁል ወረደች። እስከ አንገቷ ገባች። ከዚያ ወጣችና ሳቀች፣ የመንጋጋ ጥርሷ እስኪታይ፣ እጇን እንኳ አፏ ላይ ሳታደርግ።

«ይቺ ፈረንጅ ማናት?» አለች አስካለ።

«ፈረንጅ አይደለችም» አለች አንዷ፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ። «ማርያምን፣ ለተብርሃን ናት!»

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ የተነሳውን ጫጫታ ብትሰሚ! «ራቁቷን!» «ኧረ ራቁቷን አይደለም፣ ልብስ አላት።» «እሱ ነው ልብስ?» «ጥቁሩስ የት ሄደ?» «ለመሆኑ ማን ነው የሚቀርጻት፣ ልጇ ቆማ እያየች?» አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ «እስቲ መልሰሽ ክፈቺው» ትላለች፣ ሦስት ጊዜ ነው ያስከፈተችኝ እያማተበች። አስካለ እጇን አነሳች፣ ሁሉም ዝም አለ። «ሴቶች» አለች፣ እንዲህ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ፣ «ሰው ያለ ምክንያት ደስ አይለውም። ይኼ ጤና አይደለም። ልጅቷ ደብቃን ነው እንጂ ሴትዮዋ ታማለች።»

እና አትሳቂ ሊዲያ፣ ሁላችንም አመንን! ለምን መሰለሽ፣ መደበቅ የኛ ሙያ ነዋ። የሰው እናት ሞታ ተቀብራ «ትንሽ አሟት ነው፣ ብትመጣ ጥሩ ነው» ብለን ልጅ ከውጭ የምናስመጣ ሰዎች ነን። ስለዚህ «ደህና ናት» ሲባል እንጠረጥራለን፣ «በጣም ደህና ናት» ሲባል እንደነግጣለን፣ «ደስ ብሏታል» ሲባልማ ድንኳን ነው የሚታየን።

በነጋታው ክብሮም መጣ። የአስካለ ምራት ቪዲዮውን ከኔ ስልክ ወስዳ ልካለት ኖሯል። ከሰሚት እዚህ ድረስ መኪናው ውስጥ ሲብሰለሰል ነው የመጣው፣ ያ ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሆዱን ያመዋል፣ ቤት አለው፣ መኪና አለው፣ ዕቃ ያስመጣል ይሸጣል፣ ኪሱ ግን የጨጓራ ኪኒን አይታጣም። ሳሎን ገብቶ ሳይቀመጥ፣

«እማማ ዲንቄ፣ እናቴን እያጣኋት ነው» አለኝ።

«ኧረ ተው ልጄ፣ ቁጭ በል።»

«አይተዋል አይደል? ሰላምን ስጠይቃት ‹ደስ ብሏት ነው፣ ተዋት› ትለኛለች። የምትደብቀው ነገር ባይኖር እንዲህ ትላለች? እስቲ እርስዎ ይፍረዱ! አእምሮዋ ነው፣ እማማ። ወይ ሌላ ነገር። ትኬቷን ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀይሬዋለሁ።»

«እሷስ ምን አለችህ?»

«‹ዲንቄ ነይ ካለችኝ እመጣለሁ፣ አለበለዚያ አልመጣም› አለችኝ። እርስዎ ይደውሉላት። አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ነይ ይበሏት።» ድምፁ ተሰበረ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ። «ከአባቴ በኋላ እሷ ብቻ ናት ያለችኝ።»

አሳዘነኝ። እና እዚያው ሳሎን አስቀምጬው መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ደወልኩ። ገና «ሃሎ» ሳልል፣

«ክብሮም ልኮሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሳሎን ተቀምጧል። ለተ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ታመሻል?»

«ጤነኛ ነኝ።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

«ታዲያ ምንድን ነው ይኼ የማየው?»

ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ፣ እንዳለችኝ ነው የምነግርሽ። «ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት አለች» አለችኝ፣ «ስሟን እስካሁንም አስተካክዬ አልጠራውም። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘችኝ፣ ጥቁሬን አየች፣ ምንም አልጠየቀችኝም። እኛ ብንሆን ማን ሞቶብሽ ነው፣ መቼ፣ ምን አሞት ነው እንል ነበር አይደል? እሷ ፎጣ አሳየችኝና በእጇ ነይ አለችኝ። ሄድኩ፣ ወዴት እንደሆነ መች አውቄ! መጀመሪያ ሳውና የሚሉት የእንፋሎት ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝ፣ የኔ እኩያ አሮጊቶች ናቸው፣ አንዷም አታወራ። ከዚያ ወደ ውሃው። ወይ ዲንቄ! በቃ ሞትኩ ነው ያልኩት። ስወጣ ግን ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም፣ ቤት እስክገባ ሳቅሁ፣ ሰላም ደንግጣ ሐኪም ልትጠራብኝ ነበር።»

«የዚያ አገር ሰው እንዲያ ደስተኛ ነው ማለት ነው?» አልኳት። «ሊዲያ እኮ በደስታ ከዓለም አንደኛ ይባላሉ ትለኛለች።»

«ኤዲያ! አውቶቡስ ላይ ብታያቸው ለቅሶ የሚሄዱ ነው የሚመስሉሽ። ደግሞስ አገሩ ቢሆን ኖሮ ሰላምስ ደስ አይላትም ነበር? እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጠረጴዛ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እስቃለሁ። ተምሬ ተምሬ ቤት ቀረሁ ትላለች፣ ዕድሜዬ ሄደ ትላለች፣ ቤቱ ጠበበን ትላለች። እውነቷን ነው፣ በሷ ዕድሜ የሚፈለገው ብዙ ነው፣ እኔም በሷ ዕድሜ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ምን ያላማረኝ ነገር ነበር? ክብሮምን ደግሞ እይው፣ ሁሉ ሞልቶለት ሆዱን ያመዋል። የኔ ፍላጎት አልቋል ዲንቄ፣ አልቆ ነው የቀለለኝ። እዚያ ስመጣ የተክሌ ሚስት ነኝ፣ የክብሮም እናት ነኝ፣ ባለጥቁሯ ነኝ። መጥፎ ነው አላልኩም፣ ክብር ነው። እዚህ ግን ማንም አያውቀኝም፣ አሮጊት ብቻ ነኝ። አሮጊት ብቻ መሆን እንዲህ እንደሚያስደስት ማን ነገረን?»

«ተክሌንስ ረሳሽው?» አልኳት። ልጠይቃት አልፈለግሁም፣ አፌ አመለጠኝ።

«ውሃው ውስጥ ስገባ እሱን ነው የምጠራው» አለችኝ። «አየኸኝ እለዋለሁ።»

ከዚያ እሷ፣ «ዲንቄ፣ ያንቺን ቃል አላልፍም። ነይ ካልሽኝ ሻንጣዬን አስሬ እመጣለሁ፣ አልቀየምሽም። ግን አንቺ ራስሽ በይኝ፣ ክብሮም ብሎ አይደለም» አለችኝ።

ምን ልበልሽ ሊዲያ። ነይ የምትለው ቃል አፌ ውስጥ ነበረች፣ እዚህ ምላሴ ላይ። ናፍቃኝ ነበራ! እሁድ እሁድ ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ክንዴን የሚይዝ የለም፣ የማወራለት ሰው የለም። ቅናትም ነበረበት፣ ምን አስዋሸኝ፣ እኔ እዚህ ጉልበቴን ይዤ ተመስገን ስል እሷ እዚያ ትስቃለች? እና «ነይ» ብላት ትመጣለች፣ ጥቁሯን ለብሳ ትመጣለች፣ ክንዴንም ትይዘኛለች፣ ግን ያንን ሳቅ ይዛ አትመጣም። እሱን አውቄዋለሁ። እና ጉልበቴ ትዝ ሲለኝ፣

«ለተ፣ ያ ውሃ ለጉልበትሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ለጉልበቴ? ጉልበቴንማ ረስቼዋለሁ።»

«በቃ» አልኳትና ዘጋሁት።

ሳሎን ስወጣ ክብሮም ቆሞ ነው የጠበቀኝ። «ቁጭ በል ልጄ» አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንዲህ መርዶ እንደሚነግር ሰው። «የፈራኸው እውነት ነው። እናትህን አሟታል።»

«ምኗን?!»

«ጉልበቷን ነው፣ ቁርጥማት። አትደንግጥ፣ እየታከመች ነው። ያ ውሃ ሕክምና ነው።»

«በረዶ ውሃ?»

«ምን ይገርምሃል? እኛ ጉልበታችንን ሲያመን ፍል ውሃ እንሄድ የለም እንዴ? እነሱ አገር ፍሉ የለም፣ በቀዝቃዛው ነው የሚያክሙት። እና መሳቅ አለባት፣ ደሙ እንዲዘዋወር።»

ያን ጊዜ ፊቱን ብታይው! በራ ነው የምልሽ። «አውቄ ነበር!» አለኝ፣ ጭኑን በእጁ መትቶ። «የሚደብቁኝ ነገር እንዳለ አውቄ ነበር! ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳትጨነቅ ብለው ነዋ፣ ሥራ ይበዛብሃል።»

«ምስኪን እናቴ! እኔ ደግሞ እንዲያው ደስ ብሏት መስሎኝ…» እንባውን ጠረገ። «ሕክምና ከሆነማ እስክትድን ትቆይ እንጂ! ትኬቱን ዛሬውኑ አሰርዘዋለሁ።» ሲወጣ ጉንጬን ሳመኝ፣ ኪኒኑንም ሳይውጥ ሄደ።

አየሽ ነገሩን? ደስ ብሏት ነው ሲባል ሊያስመጣት ነበር፣ ታማለች ሲባል ተረጋጋ። እኛ ዘንድ ደስታ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም፣ በሽታ ግን ይሆናል። እኔ አይደለሁም እንዲህ ያደረግሁት፣ ሳገኘው እንዲህ ነው። እና ወዲያው ለለተ መልሼ ደወልኩና «ስሚ፣ ታመሻል፣ ጉልበትሽን ነው፣ እንዳትረሺ» አልኳት። «ኧረ? በጣም ነው?» አለችኝ። «መጠነኛ ነው፣ ግን ረጅም ጊዜ ይፈጃል» አልኳት።

የሚቀጥለው ማኅበር ተራው የኔ ነበር፣ እዚሁ ሳሎን። አስካለ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ብያለሁ! አላልኩም? ታማለች ብያለሁ!» ትላለች፣ የዓመቱ ደስታዋ እሱ ነበር መሰለኝ። ያቺ «ጥቁሩስ የት ሄደ» ያለችው ሴትዮ ደግሞ «አይ፣ ለሕክምና ከሆነ በጥቁር አይገባም፣ ሐኪሞቹ አይፈቅዱም» ብላ ለሌሎቹ ታስረዳለች። ሰማያዊው የዋና ልብስም የሆስፒታል ልብስ ሆነ፣ እኔ ምንም አላልኩም፣ እነሱው ናቸው ያደረጉት። ለተን የታመሙት ስም በሚጠራበት ጸሎት ውስጥ አስገባናት። ከዚያ አስካለ «በስልኩ አምጪያት፣ ጸሎቱን በጆሮዋ ትስማ፣ ይጠቅማታል» አለች።

ደወልኩ። መጣች። የሱፍ ኮፍያዋ፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ፣ ከኋላዋ በረዶው፣ ጉንጮቿ ወዝተዋል፣ ገና ከውሃው መውጣቷ ነው። ሴቶቹ ሲያዩዋት ማልቀስ ጀመሩ። «ተጎሳቁላለች» አለች አንዷ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ እሷ አሥር ዓመት ወጣት ሆናለች!

«ለተ እህቴ፣ ሕክምናው እንዴት ነው?» አለች አስካለ፣ እየጮኸች።

«ተመስገን» አለች ለተ፣ እንደ ሥርዓቱ።

ተነስተን ቆምን። አስካለ እጇን ዘረጋች፣ «እመቤታችን ኪዳነ ምሕረት ፈጥና ትማርሽ! ሕመሙን ከላይሽ ላይ ታንሳልሽ! እስከሚቀጥለው ማኅበር ድነሽ፣ በእግርሽ ቆመሽ፣ ለአገርሽ ለመንደርሽ ታብቃሽ!» አለች። ሁላችንም አሜን አልን። የኔ አሜን ከሁሉም ጮኸ፣ ከልቤ ነበር፣ የሌሎቹን እንጃ። ለተ ግን ወዲያው አሜን አላለችም። ስልኩን እኔ ነኝ የያዝኩት፣ ፊቷን አየዋለሁ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ አፏ ደግሞ ሊስቅ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«አሜን» አለች፣ «ግን አትቸኩልብኝ።»

«ምን አለች? ምን አለች?» አለች አስካለ።

«አሜን ነው ያለችው» አልኳት። (እማዬ ይስቃሉ።)